ፈተናው እስኪያልቅ

ጌንት፣ ቤልጅየም
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድከው አጎቴ ለጋሽ ታምራት፣

የጌታ ሰላም ከነመላው ቤትህ ይድረስህ። እትዬ ፈጠነችን፣ ልጆቹን፣ ጎረቤቶቹንም ስማቸውን እየጠራህ ሰላም በልልኝ፤ አንዱን ብትዘል እንደሚቀየሙኝ ታውቃለህ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ ካልጻፍሽ አላናግርሽም ስላልከኝ ይኸው እየጻፍኩ ነው። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ለአጎቴ ደብዳቤ እጽፋለሁ ስላቸው እስር ቤት ያለህ መስሏቸዋል።

ከተማው ሜዳ ነው። ቀና ብዬ የዳሞታን ተራራ የምፈልግበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ ደመና ብቻ አለ። ሰው ሁሉ በብስክሌት ነው የሚሄደው። እኔም ሞክሬ በመጀመሪያው ቀን ከአንዲት አሮጊት ጋር ተጋጨሁ። ካሳ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ስጨነቅ እሷ ይቅርታ ጠይቃኝ ሄደች። ሕግ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ሰው ሁሉ ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ይመስለኛል።

ትምህርቱ ይከብዳል፤ ግን እችለዋለሁ። እዚህ የማሳልፈው ዓመት እንደ አራተኛ ዓመቴ ነው የሚቆጠረው። ጥር ላይ አንድ ፈተና አለ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ደግሞ ዋናው ይጀምራል። ሁለቱንም ካለፍኩ ስመለስ አምስተኛ ዓመት እገባለሁ። የግንቦቱ ካመለጠኝ ግን እዚህ የተፈቀደልኝ ጊዜ ስለሚያበቃ ዓመቱ እንዳልተማርኩት ሆኖ ይቀራል፤ አራተኛን እንደገና አገራችን እጀምራለሁ። ይህንን ለአባዬ ስነግረው «ታዲያ ለምን ያመልጥሻል?» አለኝ። ለእሱ ሁሉ ነገር ቀላል ነው።

ጋሼ፣ አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስለ ዕርቅና ሽምግልና የምንማረው ኮርስ አለ። መምህሯ እያንዳንዳችን ከየአገራችን አንድ ዕርቅ መርጠን፣ ጠቡ ምን እንደነበር፣ ማን ምን እንዳለ፣ በምን እንዳለቀ እንድንጽፍ አዛናለች። እኔ በዓይኔ ያየሁት አንድ ብቻ ነው። ጉኑኖ፣ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሊደርስ ሲል፣ ትንሽ ልጅ ሆኜ። አባዬ እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ ተንበረከከ። አንተ ብዙ ዝም አልክ። ከዚያ አነሳኸው፣ ሁለታችሁም አለቀሳችሁ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ በዓሉ ሲደርስም ከአንድ በሬ ተካፍለን በላን። ከዚያ በፊት አጎት እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ሶዶ አንተ ቤት መጥቼ የኖርኩት በዚያ ዕርቅ ነው። ጠቡ ምን እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። አባዬን በስልክ ስጠይቀው ስልኩን ለእማዬ ሰጥቶ ወጣ። እባክህ አንተ ጻፍልኝ።

ቤትህ ያደገችው
ሶፊ


ወላይታ ሶዶ
ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለሶፍያ ባዳቾ፣

መውጣት መግባትሽን ጌታ ይጠብቅ። በማታውቂው አገር የሚያውቅሽ አምላክ ከአጠገብሽ አይለይ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ሰላምታሽን ለሁሉም አድርሻለሁ፤ ከዘለልኩት ካለ ከእኔ ጋር ይጣላ። ይህን በእጄ ጽፌ ፈጠነች በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። ጣቷ ፊደሉ ላይ ካረፈ ታገሺ። የድምፅ መልእክት ግን እንዳትልኪልኝ። ሰው በድምፅ ሲልክ አፉ እንዳመጣለት ይናገራል፤ ሲጽፍ ቢያንስ እስክሪብቶ እስኪያገኝ ያስባል።

ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ዘንድሮም ሥነ ዜጋ ሰጥተውኛል፤ ተማሪዎቹ መብታቸውን አጥንተው ግዴታ ላይ ሲደርሱ ይተኛሉ። አባትሽ ባለፈው ከጉኑኖ ጎደሬ ጭኖ መጥቶልን ነበር። ከመናኸሪያ እስከ ቤት ለባጃጅ ሹፌሩ ስለ አንቺ ሲያወራ መጣ። ሹፌሩ ሲወርድ ለእኔም እንኳን ደስ አለህ አለኝ።

ስለጠየቅሽኝ ነገር። አልጽፍልሽም። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ያለቀ ነገር አይነሳም። ያነሳው ሰው ዕርቁን እንዳፈረሰ ይቆጠራል፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ከመነሳታቸው በፊት የተናገሩት ይህንኑ ነበር፤ እኔና አባትሽም አሜን ብለናል። አባትሽ ስልኩን ለእናትሽ ሰጥቶ የወጣው ለዚህ ነው እንጂ ተቀይሞሽ አይደለም። ለመምህርሽ የሌላ ሰው ዕርቅ ፈልጊላት፤ ሶዶ ውስጥ የተጣላ አይጠፋም።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እዚያ ችሎት ገብተሽ ካየሽ፣ ዳኛው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሰው ፊቱ እንዴት እንደሚናገር ጻፊልኝ። እኔም በማታው ክፍለ ጊዜና በክረምት ሕግ ተምሬ ነበር። ዲፕሎማዬን ሄጄ አላነሳሁትም እንጂ።

አጎትሽ
ታምራት


ጌንት
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ታምራት፣

ቤትህ ሰላም ይደር፣ ጤናችሁ አይጉደል። እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ቅዝቃዜው ቢብስም።

ችሎት ገባሁልህ። ዳኛዋ በዕድሜ ከእትዬ ፈጠነች ታንሳለች። ተከሳሹ እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ ይመልስላታል፤ ማንም «ተነስ» አላለውም። እኔ ከኋላ ሆኜ ለእሱ አፈርኩለት። ጠበቃው ረጅም ነገር ተናገረ፣ ዳኛዋ መስኮቱን ተመለከተች። በመጨረሻ ግን እያንዳንዱን ቃል ሰምታ እንደነበር ከጥያቄዋ ገባኝ።

አሁን እንዳትቆጣ። ቦዲቲ ለእማማ አስካለች ደወልኩ። የአያቴ ታናሽ እህት ስለሆነች ታውቃለች ብዬ ነው። አንተ ዝም ስትል እኔ ደግሞ መተኛት እምቢ ይለኛል፤ ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። «ያለቀ ነገር አይነሳም ይሉኛል» ስላት «እኔ እዚያ ቀን አልነበርኩም፣ አሜን አላልኩም፣ ስለዚህ እናገራለሁ» አለችኝ። እሷ ነበረች ሕግ መማር የነበረባት።

ሁሉንም ነገረችኝ። አያቴ ስትታመም አንተ ሐዋሳ የመጨረሻውን ፈተና እየተፈተንክ ነበር። ሞተች፣ አባዬ ሳይጠራህ ቀበራት። ፈተናህን ጨርሰህ ስትመጣ መቃብሩ ላይ ደረስክ። ከዚያ ስድስት ዓመት ወንድምህን አላናገርከውም። ለምን እንዳልጠራህም ነገረችኝ። «እህቴ ራሱ ነው የከለከለው። ‹ፈተናው እስኪያልቅ ታምራትን እንዳትጠሩ፣ አደራ› ብሎ ባዳቾን አስማለው» አለች። (ሴቱንም ወንዱንም እንደ ወንድ ነው የምትጠራው፣ ታውቃታለህ።)

ጋሼ፣ ይህ እኮ ለፈተና የሚወጣ ጥያቄ ነው። አባዬ የፈጸመው የእናቱን አደራ ነው። አንተ ደግሞ እናትህን የመቅበር መብት ነበረህ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የሚሞት ሰው አደራ ከሚኖር ሰው መብት ይበልጣል? ለመምህሬ ሐሳቡን ብቻ ነገርኳት፣ ዓይኗ በራ። ስማችሁን ቀይሬ ነው የምጽፈው፣ የከተማውንም ስም። አንድ ክፍል ብቻ ባዶ ቀርቶብኛል፤ አያቴ ራሷ እንዳዘዘች እያወቅክ ለምን ስድስት ዓመት አባዬን አኮረፍክ? ይህችን ብቻ መልስልኝ።

የምትወድህ
ሶፊ


ጌንት
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ደብዳቤዬ አልደረሰህም ይሆን? እትዬ ፈጠነች አንብቦታል አለችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም። ጠባይሽን አውቃለሁ፣ ሥራ በዝቶበት ነው ልትይኝ ነው አልኳት፣ ሳቀች፤ ግን ሳቋ ደስ አላለኝም።

ፈተና ሊጀምር ነው። አንድ ገጽ አንብቤ እነሳለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ስልኬን አያለሁ። የተቆጣኸኝ ከሆነ ቁጣህን ጻፈው። ዝምታህን ግን አልቻልኩትም።

ሶፊ


ሶዶ
ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶፍያ፣

እግዚአብሔር ይርዳሽ። ፈተናሽን በሰላም እንደጨረስሽ ፈጠነች ነግራኛለች። እስክትጨርሺ ብዬ ነው ያልጻፍኩት። ይህን ስጽፍ አሁን ደነገጥኩ። እኔም ፈተናሽ እስኪያልቅ ብዬ ዝም አልኩ ማለት ነው።

አላውቅም ነበር። ላንቺ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ባዶ የቀረውን ክፍል በዚህ ሙዪው። እናቴ እንዳልጠራ ማዘዟን ከእኔ በቀር ዘመድ ሁሉ ያውቅ ነበር። ደብዳቤሽን መምህራን ክፍል ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ክፍል ነበረኝ። ገብቼ ተማሪዎቹን «መጽሐፋችሁን በዝምታ አንብቡ» ብዬ ደወል እስኪደወል ተቀመጥኩ። ምን እንዳነበቡ አላውቅም።

በማግስቱ ጉኑኖ ሄድኩ። አባትሽ እንሰቱ ውስጥ ቅጠል እየቆረጠ ነበር። «እማዬ ናት እንዳትጠራኝ ያለችህ?» አልኩት። «ምን አመጣው ይሄን?» አለኝ። «አስካለች ተናግራለች» አልኩት። ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ታምራት፣ እኔ አሜን ብያለሁ። አንተም ብለሃል» አለኝ። ወደ ቤት ገብቶ እርጎ አመጣልኝ፣ ጠጣሁት፣ ወጣሁ።

ከዚያ ያስታረቁን ሽማግሌ አቶ ብሩ ቤት ሄድኩ። አሁን ዓይናቸው አያይም። በድምፄ አውቀውኝ አለቀሱ። «ባዳቾ ነው የለመነን» አሉኝ። «‹እናቱን ሳታነሱ አስታርቁን፤ እኔ ሣር ይዤ እንበረከካለሁ። እሱ ከሚያዝንባት በእኔ ይዘን› አለን። እኛም ተስማማን።»

ሶፊ፣ ወንድሜ የተንበረከከው ላልሠራው ጥፋት ነው። እኔ ደግሞ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ሆን ብዬ አቆየሁት። አንቺ «ብዙ ዝም አልክ» ብለሽ የጻፍሽው እሱን ነው። አሁን በማን ልቆጣ? እናቴ ሞታለች። ወንድሜ ፊት ልቀርብ አፍሬ ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ ትምህርት ቤት ሥራ አለኝ እያልኩ ጠፋሁ። በአንቺ ላይ ተቆጥቼ ነበር፤ ብዙው አልፎልኛል፣ ሁሉም ግን አይደለም።

እንዳትጽፊው። ስም ቀይሬ ነው አትበይኝ። ስም የተቀየረው ለእነሱ ነው፤ እኛ እንተዋወቃለን።

አባትሽ መክሳቱን ፈጠነች ነገረችኝ። በስልክ ምን ሆንክ ብለው ጨጓራ ነው አለኝ። ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ።

ታምራት


ጌንት
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ታምራት፣

ሰላምታ ለማቅረብ እንኳን አፈርኩ፤ ቢሆንም ሰላም ለቤትህ ይሁን።

ደብዳቤህን ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ ሰው በጎኔ እየወጣ እየወረደ። ታውቃለህ ብዬ ነበር። እንዴት ሳታውቅ ትኖራለህ? እኔ ጨዋታ አድርጌ ጻፍኩልህ፤ «ጥፋቱ የማን ነው» እያልኩ። ያፈርኩት እዚያ ላይ ነው። ይቅር በለኝ፤ ሙሉ በሙሉ እስክትተወኝም እጠብቃለሁ።

ጽሑፉን ከመምህሬ መልሼ ወሰድኩ። አልቆ ነበር። «ለምን?» አለች፤ «ያለቀ ነገር ስለሆነ» አልኳት፣ አልገባትም። በምትኩ ስለ ባጃጅ ተራ አስከባሪዎች ጠብ ቶሎ ቶሎ ጻፍኩ። ለትንሽ አለፍኩ። አሁን የግንቦቱን ፈተና አንዱንም መጣል አልችልም፤ አንዱ ከወደቀ ዓመቱ ወደቀ።

አባዬ ምን አለ ሐኪሙ? ስደውል ሁለት ቃል ተናግሮ ስልኩ ይቋረጣል። «ኔትወርክ ነው» ትላለች እማዬ። ጉኑኖ ኔትወርኩ እንዲህ አልነበረም። ደህና ነው ወይ? አንተ ንገረኝ።

ሶፊ


ወላይታ ሶዶ
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽውና ለተወደድሽው ልጃችን ለወይዘሪት ሶፍያ ባዳቾ፣

የሰማይና የምድር ጌታ በቸርነቱ ይጠብቅሽ፤ ዘመንሽን ይባርክ፤ ትምህርትሽን በድል ያስፈጽምሽ፤ ለወገን የምትጠቅሚ ያድርግሽ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ሁላችንም በመልካም ጤንነት ላይ እንገኛለን።

ስለ አባትሽ ላቀረብሽው ጥያቄ፣ አባትሽ ደህና ነው። ሐኪም ቤት ሄዶ ታይቷል፣ መድኃኒት ተሰጥቶታል፣ ደህና ነው። ሥራ ስለበዛበት ነው ስልክ ላይ የማይቆየው። እናትሽም ደህና ናት። ዝናቡ በጊዜው ጀምሯል። ቦዬው ጥሩ ይዟል። ቤተ ክርስቲያናችን የጣሪያ ሥራ ጀምራለች፣ የመዘምራን ቡድኑም አዲስ ልብስ አሰፍቷል።

ስለ ቀድሞው ጉዳይ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ሁሉንም። ከእንግዲህ በእሱ አትጨነቂ። ከወንድሜም ጋር ደህና ነን። አንቺ ትምህርትሽ ላይ ብቻ አተኩሪ። አባትሽ ደህና ነው።

አክባሪሽ
ታምራት


ጌንት
ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ታምራት፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰህ፤ ለእትዬ ፈጠነችም፣ ለሁሉም።

የላክልኝ ደብዳቤ ለቀበሌ የተጻፈ ማመልከቻ ይመስላል። «ወይዘሪት» ብለኸኝ አታውቅም። የመዘምራን ልብስ ግድ ብሎህም አያውቅም። አባዬ ደህና ነው ብለህ ሦስት ጊዜ ጽፈሃል። ሕግ ውስጥ አንድ ምስክር ሳይጠየቅ አንድን ነገር ደጋግሞ ከተናገረ መምህሮቻችን «እዚያው ላይ ቁሙ» ይሉናል።

ትናንት ደወልኩ፤ አባዬ «ልጄ፣ በርቺ» አለኝ። ድምፁ ከሩቅ ክፍል የሚመጣ ይመስል ነበር። «የት ነህ?» ስለው ተቋረጠ። ወዲያው መልሼ ደወልኩ፣ አይነሳም። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቶኛል። መጽሐፍ ይዤ እወጣለሁ፣ ከወንዙ ዳር ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ሌላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ያነበብኩትን ስጠየቅ አላስታውስም።

እማዬን ጠየቅሁ፣ ስለ ምግቤ ጠየቀችኝ። እትዬ ፈጠነችን ጠየቅሁ፣ «ጸልዪ» አለችኝ። የቀረኸኝ አንተ ነህ። አንተ ከደበቅከኝ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ሶፊ


ሶዶ
ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሶፊ፣

ዛሬ ምርቃቱን ከታች አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ቁጭ በዪ።

አባትሽ ታሟል። ጨጓራ አይደለም፣ ጉበቱ ነው። የካቲት ላይ እዚህ አሳየሁት፣ ከዚያ አዲስ አበባ ወሰድኩት። ሐኪሞቹ አሁን የሚሠራ ነገር የለም፣ ቤቱ ይረፍ አሉን። ያለው እኔ ቤት ነው፣ አንቺ ትተኚበት በነበረው ክፍል። እናትሽም እዚህ ናት። ስልኩን የምዘጋው እኔ ነኝ። ኔትወርክ አይደለም። ድምፁ ሊደክም ሲል በእጁ ምልክት ይሰጠኛል፣ እዘጋዋለሁ። አንቺ መልሰሽ ስትደውዪ ስልኩ እጄ ላይ ይጮሃል፤ እሱ ያየኛል፣ እኔ መስኮቱን አያለሁ።

ከአዲስ አበባ በተመለስን ቀን እጄን ያዘኝ። «ሶፊ እንዳትሰማ። ፈተናው እስኪያልቅ እንዳትነግራት። ማልልኝ» አለኝ። የእናቴን ቃል ነው የተናገረው። እሱ ልብ ይበል አይበል አላውቅም። ማልኩለት። የታመመ ወንድም እጅሽን ይዞ ሲለምንሽ ሌላ ምን ትያለሽ? ወንድሜ ያኔ ምን ተሸክሞ እንደከረመ የገባኝ በዚያች ደቂቃ ነው። ለእሱም ነገርኩት። «ስድስት ዓመት ያኮረፍኩህ በከንቱ ነው» አልኩት። «ዝም በል፣ አሜን ብለናል» አለኝና ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እግሩን እያሸሁለት ስለ ልጅነታችን እናወራለን።

መጋቢት ላይ የጻፍኩልሽን ደብዳቤ አንብቤለት «ጥሩ ነው» ብሎኝ ነበር። አንቺ ግን እንዳልሽው ማመልከቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ የለኝም። ክፍል ውስጥ እየጻፍኩ ጠመኔውን ይዤ እቆማለሁ፣ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። እናትሽ «ልጅቷ ዓመቷን እንዳታጣ» ትላለች። ፈጠነችም እንዲሁ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን አማከርኩ፣ የታማሚ ቃል ይከበር አሉ። ሁሉም ትክክል ናቸው።

እኔ ግን ከሐዋሳ የተመለሰውን ሰው አውቀዋለሁ። ያንን ፈተና በከፍተኛ ውጤት አልፌ ነበር፣ ነግሬሽ አላውቅም። የወረዳ ዳኛ እሆን ነበር። ወረቀቱን ላነሳ ሁለት ጊዜ ሐዋሳ ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ። በዚያ ወረቀት እናቴን የሸጥኳት ይመስለኝ ነበር።

ነዪ አልልሽም፣ ቅሪም አልልሽም። ብትመጪ ዓመቱ እንደሚቀርብሽ አውቃለሁ። ብትቀሪ አባትሽ ይጠብቅሽ እንደሆነ ሐኪሙም አልነገረንም፤ እኔ ግን በዓይኔ የማየውን አያለሁ፣ የሚጠብቅሽ አይመስለኝም። እናቴ ለእኔ መረጠችልኝ፤ አባትሽ ለአንቺ ሊመርጥልሽ ነው። እኔ ብጠራ ኖሮ ምናልባት ፈተናውን ጨርሼ እመጣ ነበር፣ ምናልባት በዚያው ሌሊት መኪና እይዝ ነበር። አላውቅም። ማንም ስላልጠየቀኝ አላውቅም።

መሐላዬን አፍርሻለሁ። እሱን ለእኔ ተዪው። ጌታ በምትመርጪው ሁሉ ይምራሽ።

አጎትሽ
ታምራት


ብራሰልስ፣ አውሮፕላን ማረፊያ
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

በእጅ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም። ነገ ጠዋት ቦሌ ነኝ። ከትምህርት ክፍሉ ወረቀት ፈርሜ ወጣሁ። ኃላፊዋ «እርግጠኛ ነሽ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። አልነበርኩም። ፈረምኩ።

ተናድጄብሃለሁ። ስልኩን በጆሮዬ ላይ ስትዘጋው ስለነበር ተናድጄብሃለሁ፤ ስለነገርከኝ ደግሞ እጅህን እስማለሁ። ሁለቱም አሉ፣ አንዱ አንዱን አላጠፋውም።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ለአባዬ ፈተናው ቀደም ብሎ ተሰጠ፣ ጨርሳ ነው የመጣችው በለው። ጥሩ ሠራች በለው። ዓመቱን በእሱ ምክንያት እንዳጣሁ ካወቀ አይቋቋመውም። እኔም ስገባ እንዲሁ እለዋለሁ። አደራ።

ሶፊ


ሶዶ
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶፊዬ፣

እንኳን ለአገርሽ መሬት አበቃሽ። ስልክሽን ስትከፍቺ ይህን ታገኚዋለሽ። በፈጠነች ስልክ እየነካካሁ ነው፤ ፊደሉ ቢዛባ ታገሺ።

ያልሽኝን አልነገርኩትም። ልነግረው ገብቼ ነበር። «ሶፊ እየመጣች ነው» አልኩት።

«ፈተናው አለቀ?»

«አላለቀም። ትታው ነው።»

«ማነው የነገራት?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናትሽ በዓይኗ ውጣ አለችኝ። በረንዳ ላይ ቆምኩ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ቆምኩ። ይረግመኛል ብዬ ነበር፣ ቢረግመኝም ልቀበለው ተዘጋጅቼ ነበር። በኋላ ስሜን ሲጠራ ሰማሁና ገባሁ።

«በሆሳዕና መንገድ ነው ወይስ በሃላባ የምትመጣው?» አለኝ።

«በሃላባ።»

«እንግዲያው ቦዲቲ ላይ እንዳትወርድ ንገራት። አስካለች ይዛ ታስቀራታለች፣ ወሬዋ አያልቅም። በያዘችው መኪና እስከ ሶዶ ትምጣ።» ከዚያ ጉንጩን በእጁ ዳሰሰ፣ አንዱን ጎን፣ ከዚያ ሌላውን። «እንዲህ ሆኜ አታየኝም» አለ። «ላጨኝ።»

ፈጠነች ውሃ እያሞቀች ነው። ወንድሜን ላጭቼው አላውቅም። ልጀምር።